በአውበሬ የጠፋው መዝገብ

በ2011 ዓ.ም. ጅግጅጋ ውስጥ በአንድ የጤና መረጃ ክፍል የኮምፒውተር ቴክኒሺያን ሆኜ ተቀጠርኩ። የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ አንድ ሰርቨር፣ የክፍሉን መረጃ የሚያከማች ኮምፒውተር፣ ላይ የተጫኑትን ፓኬጆች፣ ማለትም ፕሮግራሞችንና ደጋፊዎቻቸውን፣ ዝርዝር ማውጣት ነበር። አለቃዬ ወይዘሮ ሆዳን ከጎኔ ቆመው ትእዛዙን አስጻፉኝ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ስሞች ይወርዱ ጀመር፤ ማለቂያ ያላቸው አይመስሉም።

«ይህ ሁሉ ያስፈልጋል?» አልኳቸው።

«አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም። አንዱን ስታወጣ ኮምፒውተሩ አብረው የሚወጡትን ዘርዝሮ ይጠይቅሃል። አንብበህ መልስ» አሉኝ።

ኢንተርኔት አንዳንዴ ለቀናት ይጠፋል። ስለዚህ ፓኬጆቹን ጅግጅጋ ላይ እናወርድና በሃርድ ዲስክ ይዘን በሚኒባስ ወደ ቀብሪበያና አውበሬ፣ አልፎ አልፎም እስከ አዲጋላ እንሄዳለን። ሦስት ዓመት እንዲህ ስሠራ እጄ ፈጠነ። ትእዛዙ መጨረሻ ላይ «አዎ» የሚለውን መልስ አስቀድሜ መጻፍ ለመድኩ። እንዲያ ከተጻፈ ማሽኑ ሳይጠይቅ ይሠራል።

አንድ ቀን ከአውበሬ ጤና ጣቢያ ተደወለ። የቲቢ ሕመምተኞች መዝገብ ያለበት ሰርቨር ሞልቶ አልመዘግብ ብሏል። ብቻዬን ሄድኩ። ነርሷ ሲስተር ፈርዶሳ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ቶሎ ጨርስልኝ ወንድሜ፣ ሰው ቆሟል» አለችኝ።

አንድ ያረጀ የሪፖርት ፕሮግራም አብረውት ከሚወጡት ፓኬጆችና ከፋይሎቻቸው ጋር እንዲወጣ አዘዝኩ፤ «አዎ»ንም እንደልማዴ አስቀድሜ ጻፍኩ። ስሞቹ በፊቴ አለፉ፤ አላነበብኳቸውም። ቦታ ተገኘ።

ሲስተር መዝገቡን ልትከፍት ስትሞክር ባዶ ሆነባት። ከወጡት መካከል መዝገቡን የሚይዘው ፕሮግራም፣ ዳታቤዙ፣ ነበረበት፤ መረጃውም አብሮ ተሰርዟል። የወረቀት መዝገብ ከቀረ ቆይቷል። ያለን ባክአፕ፣ መጠባበቂያ ቅጂው፣ አምስት ወር ያለፈው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተመዘገቡት አልነበሩበትም፤ እሱን ማደስም የእኔ ሥራ ነበር።

«ምን ሆነ?» አለችኝ።

«መብራት ሲቆራረጥ ዲስኩን ጎድቶታል» አልኩ። ሪፖርቱም ላይ ይህንኑ ጻፍኩ።

የክፍላችን ዳይሬክተር ሪፖርቴን አምነው ዲስኩን ለጥገና ወደ አዲስ አበባ ላኩት። መረጃው ይመለሳል ተብሎ ሁሉም መጠበቅ ያዘ። መድኃኒት ሊወስዱ የመጡትን ሲስተር በሌላ ዲስክ ላይ በጫንኩላት ባዶ ዳታቤዝ እንደገና መዘገበቻቸው። ከአዲሶቹ ሕመምተኞች የቀሩት እነማን እንደሆኑ ግን የሚነግራት ዝርዝር አልነበረም። በፊት ቀጠሮ ያሳለፈ ሰው ስልክ ይደወልለት ነበር፤ ቁጥሮቹም የነበሩት እዚያው መዝገብ ውስጥ ነው።

ዲስኩ ከአንድ ወር በኋላ «ምንም ብልሽት የለበትም» ተብሎ ተመለሰ። ወይዘሮ ሆዳን ዲስኩ ላይ ፓኬጆች ሲጫኑና ሲወጡ የሚመዘገብበትን ፋይል ከፈቱ። ቀኑ፣ ሰዓቱና የጻፍኩት ትእዛዝ እንዳለ ተቀምጧል። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞሩት።

«ማን ነው ይህን የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«ማጥፋቱስ ያጋጥማል። ግን በዚያው ቀን ብትነግረኝ ኖሮ በማግስቱ ሰው አሰማርተን ሕመምተኞቹን እናፈላልግ ነበር። አንድ ወር ሙሉ ዲስክ ጠበቅን። አሁን ዳይሬክተሩ ቢሮ ራስህ ግባ።»

ገብቼ ተናገርኩ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ከዚያ ሲስተር የምታስታውሰውን ስም ይዘን ሁለታችን ፍለጋ ወጣን። መስጊድ በር ላይ፣ ከብት ገበያው፣ ውሃ መቅጃው ዘንድ ጠየቅን። ካስታወሰቻቸው ሁሉ አንድ ሰው ብቻ አጣን፤ አው ኑር የሚባሉ ሽማግሌ። ግመሎቻቸውን ተከትለው ይሄዳሉ፤ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ አልተገኘም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ልጃቸው ሂቦ በጭነት መኪና አመጣቻቸው። ደም ያስላቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን አረፉ።

ሂቦ የአባቷን ልብስ ልትወስድ ስትመጣ እኔም እዚያ ነበርኩ። በሶማልኛ ያለችውን ሲስተር ተረጎመችልኝ፦ «መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ መራመድ አቃታቸው። ‹ከጤና ጣቢያ ይደውሉልኛል› እያሉ ስልኩን ከትራሳቸው ሥር ያስቀምጡ ነበር።»

«መዝገቡን ያጠፋሁት እኔ ነኝ በያት» አልኳት። ሲስተር አመነታች፤ ከዚያ ነገረቻት።

ሂቦ አልጮኸችም። ትኩር ብላ አየችኝና አንድ ነገር ጠየቀች።

«ለምን ያኔውኑ አልተናገረም? ነው የምትለው» አለች ሲስተር።

ሂቦ ልብሱን ጠቅልላ ወጣች።

ወይዘሮ ሆዳን አሁን ጡረታ ወጥተዋል። እስከ መጨረሻው ቀን ሰላምታቸው አልተለወጠም፤ ወደ መስክ ግን ብቻዬን ልከውኝ አያውቁም። እኔ እዚያው ክፍል አለሁ፤ አዲስ ተቀጣሪዎችንም አሠለጥናለሁ። በአውበሬ ያን ባዶ ዳታቤዝ ለመጫን የፈጀብኝ ሩብ ሰዓት አይሞላም ነበር፤ ስሞቹን ግን አልመለሰም።

በዚህ ሥራ ላይ የሚቆይ ሰው አንድ ቀን መጥፋት የሌለበትን ያጠፋል። ያጠፋ ሰው በዚያው ቀን ለአለቃው ይናገር።