ሐይቅ ዳር ያልደረሰኝ መርዶ

ባለቤቴ በተቀበረችበት ቀን እኔ ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር፣ ፀሐይ ላይ ተጋድሜ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢን በከንቱ ላለማንጠልጠል ነው። የምጽፈው፣ መሞቷን ደብቀው እኔን ስላተረፉኝ ዘመዶቼና ያ መደበቅ ቤቴ ውስጥ ስላስቀረው ነገር ነው።

ዘመኑ ጣሊያን አገራችንን የያዘበት ነው። የምንኖረው ኮልፌ ነበር። ያኔ ኮልፌ ከከተማ ውጭ እንደ ማለት ነው፤ ባሕር ዛፍ፣ ሸለቆ፣ በኅዳር ጠዋት ሣሩን የሚያነጣ ውርጭ። ጣሊያኖች የምዕራቡን መንገድ ሲሠሩ ከሰፈራችን በታች የድንጋይ ካባ ከፈቱና እኔም ድንጋይ ፈላጭ ሆኜ ገባሁ። ለጠላት ሠርተሃል የሚለኝ ካለ እውነቱን ነው። ሦስት ልጆች ነበሩኝ፤ ሌላ መልስ የለኝም።

አፌን በነጠላዬ ጫፍ እሸፍን ነበር፤ የድንጋይ ብናኝ ግን መግቢያ አያጣም። መጀመሪያ ሳል መጣ፤ ከዚያ ደም። ደሙን መጀመሪያ ያየችው ባለቤቴ ናት። አመድ ነሰነሰችበትና ልጆቹ ሳያዩ ጠረገችው። የካባው ሐኪም ደረቴን አንኳኩቶ ያለውን አስተርጓሚው እንዲህ ሲል ነገረኝ፦

«ኮልፌ ከከረምክ ትሞታለህ። ሞቃት አገር ውረድ። ብላ፣ ተኛ፣ ምንም ሥራ አትሥራ።»

«ምንም ሥራ አትሥራ» ሲል ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እስከዚያን ዕለት ድረስ ሰው እንዲህ ሲታዘዝ ሰምቼ አላውቅም።

ሥራ ፈትቶ የሚውል ሰው አልወድም። ማንበብ የተማርኩት ብቻዬን፣ ከሥራ በኋላ፣ ሽፋኑ ከወለቀ አንድ ዳዊት ነው። ልጆቼንም ተጎልተው ካየኋቸው እቆጣለሁ። ስለዚህ አየር ለመለወጥ ብቻዬን መሄድ፣ ቤተሰቤን በውርጭ ትቶ ፀሐይ መሞቅ፣ ነውር መሰለኝ። ያስወጣችኝ ባለቤቴ ናት።

«ሂድ» አለችኝ። «እዚያም ደርሰህ የሰው ግቢ ስታጸዳ እንዳልሰማ። ሂድና እንደ ጌታ ተኛ። ስትመለስ ትሠራለህ።»

ታላቅ ወንድሜ የይለፍ ወረቀት አስወጣልኝ። በባቡር ወረድኩ። የሄድኩት ወደ አክስቴ ልጅ ነው። ባሏ የሞተባት፣ ጣሊያኖች ለዕረፍት በሚመጡበት የሐይቅ ዳር አልቤርጎ አንሶላ የምታጥብ ሴት ናት። አልቤርጎው ከውኃው ጥግ የተሠራ ነጭ ቤት ሲሆን ፊት ለፊቱ ሰፊ በረንዳ አለው። ከበረንዳው ወደ ውኃው የሚወርደው መንገድ ላይ የአገሬው ሰው እንዳያልፍ የሚከለክል ሰሌዳ ተተክሎ ነበር። አማርኛው የተንጋደደ ነው፤ ይነበባል ግን። የአትክልት ሠራተኛው ማንበብ አይችልም ነበርና አንድ ቀን በዚያ በኩል ቢያልፍ ጀርባው እስኪተለተል ገረፉት። በማግስቱ ያው አትክልቱን ሲያጠጣ አየሁት።

እኔ የማድረው ከአልቤርጎው ጀርባ፣ ልብስ ማጠቢያው ቤት ውስጥ ነው። ቀን ቀን ከማጠቢያው ኋላ ያለች አንዲት ጉብታ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፌ እጋደማለሁ። ከዚያ ሐይቁ ይታያል፤ ውኃው ዳር የተጋደሙት ጣሊያኖችም ይታያሉ።

«እያቸው፣ እንደ በርበሬ ተሰጥተው» ትላለች የአክስቴ ልጅ፣ አንሶላ ስትጨምቅ። «እስኪቀሉ ነው የሚጠብቁት።»

«እኔስ ምኔ ከነሱ ይለያል?»

«አንተ ለዘር የተቀመጥክ ነህ። ዝም ብለህ ድረቅ።»

የመጀመሪያዎቹን ቀናት በጭንቀት ነው ያሳለፍኩት። እጄ ሥራ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ የውኃ ባልዲ ላነሣላት ብሞክር በእርጥብ ፎጣ ጀርባዬን መታችኝ። ቀስ በቀስ ግን ሰውነቴ እረፍትን ለመደ። ሳሌ ቀነሰ፤ ደሙም ቆመ።

የቤቴን ወሬ የሚያመጣልኝ አንድ የኮልፌ ጎረቤታችን ነው። ቆዳ ነጋዴ፣ እስላም፣ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው። በባቡር ወደ ሞጆ ሲሄድ ቢሾፍቱ ላይ ይወርድና ያየኛል። በዚያ ሰሞን መጥቶ በቀጥታ ወደ እኔ አልመጣም። ከማጠቢያው ድንጋይ አጠገብ ከአክስቴ ልጅ ጋር ቆመው ሲነጋገሩ ከጉብታዬ ላይ አየሁ። እሷ እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ወዲያው ደግሞ ተነሣች።

ያን ጊዜ ነው መሞቷን የሰማችው። ባለቤቴን ተስቦ በአጭር ጊዜ ጨርሷት፣ ቀብረዋት፣ ታላቅ ወንድሜ በነጋዴው አፍ «ለእርሱ እንዳይነገር» ብሎ ልኮ ነበር። እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ነጋዴው ወደ እኔ መጥቶ ሰላምታ ሰጠኝ።

«ልጆቹ ደኅና ናቸው» አለኝ። «አንተ ብቻ በርታ።»

«እሷስ?»

መሬት መሬት እያየ «ሰላም ብላሃለች» አለኝ።

ሌላ ጊዜ ጥላ ሥር ተቀምጦ ስለ ገበያ ያጫውተኝ ነበር፤ ያን ቀን ባቡር ያመልጠኛል ብሎ ሄደ። የአክስቴን ልጅ ምን እንዳለ ጠየቅኋት።

«ቆዳ ረከሰ ይላል» አለችኝ።

«እና አንቺ ለቆዳ ነው መሬት ላይ የተቀመጥሽው?»

«እግሬን አሞኝ ነው። ቀኑን ሙሉ የምቆመው እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግቤ ተለወጠ። ወተት መጣ፣ እንቁላል መጣ፣ ከአልቤርጎው ማድ ቤት የሥጋ መረቅ መጣ። የነቢያት ጾም ነበር።

«ጾም ነው እኮ» አልኳት።

«በሽተኛ ነህ።»

«ትናንትም በሽተኛ ነበርኩ።»

«ትናንት ወተት አላገኘሁም። ጠጣ፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።»

ዓይኖቿ ቀልተው ሳይ የሳሙናው እንፋሎት ነው አለችኝ። አመንኳት። ከብዙ ዓመት በኋላ እንደነገረችኝ፣ አንሶላ የሚቀቀልበት ክፍል ትገባና በሩን ዘግታ፣ የውኃው ፍላት ድምፅዋን እንዲሸፍንላት ጎላው አጠገብ ቆማ፣ ጨርቅ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ታለቅስ ነበር። ከባለቤቴ ጋር አብሮ አደግ ነበሩ። ጥቁር መልበስ አልቻለችም፤ ጠጉሯን መላጨት አልቻለችም፤ እኔ አያታለሁና። በአጠገቤ ስታልፍ ደግሞ መቀለድ ነበረባት።

እውነቱን ልናገር። እነዚያ ሳምንታት ሰውነቴ ደስ ያለው ጊዜ ናቸው። ጠዋት ጉም ከሐይቁ ላይ ሲነሣ አያለሁ፤ ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ይወስደኛል። ጉንጬ ሞላ። አንድ ቀን ቀበቶዬን እያላላሁ «ሚስቴ ይህን ሆድ ስታይ ምን ትለኝ ይሆን?» ብዬ ሳቅሁ። የአክስቴ ልጅ ያጠበችውን አንሶላ እንደገና ውኃ ውስጥ ከተተችው።

የጥምቀት ሰሞን አገሬ ልግባ አልኩ። ለገሃር ታላቅ ወንድሜ ቆሞ ጠበቀኝ። ደረቴን አየ፤ ፊቴን አየ። ኮልፌ ስንደርስ ወደ ቤቴ የሚወስደውን ትቶ ወደ እርሱ ቤት አዞረኝ።

«ደክሞሃል፤ ዛሬ እዚህ እደር» አለኝ። «ልጆቹ ነገ ይመጣሉ።»

«ለምን ነገ?»

«ነገ ይመጣሉ አልኩህ።»

መርዶ በእኛ ልማድ ማለዳ ነው የሚነገረው፤ ሰው እህል ሳይቀምስ፣ ለሥራ ሳይበተን። ጎህ ሲቀድ በግቢው የብዙ ሰው ኮቴ ሰማሁ። ማንም «እንደምን አደራችሁ» አላለም። ሰው እንደሞተብኝ ያን ጊዜ አወቅሁ፤ ያላወቅሁት ማን እንደሆነ ነው። ሁለት ጎልማሶች ገቡና አንድ ቃል ሳይናገሩ በግራና በቀኜ ተቀምጠው እጆቼን ያዙ። ጭምድድ አድርገው ነው የያዙት። ወንድሜ ከዚያ በኋላ ነገረኝ።

ለምን እንደያዙኝ አንባቢ ያውቃል። ሐዘንተኛ ደረቱን ይደቃል። ሚስቱ ሞታበት ደረቱን ያልመታ ባል ምን እንደሚባልም ሰው ሁሉ ያውቃል። ገና የጠገገ ሳንባዬ ያን ዱላ እንደማይችለው ስላወቁ ለቅሶው እስኪበርድ ድረስ እጄን አልለቀቁም። እንደ ታሰረ ሰው አለቀስኩ።

ሲበርድልኝ ወንድሜን «ስንት ጊዜ ሆናት?» አልኩት።

«ነቢያት ሲገባ ነው።»

«ያኔ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ብንነግርህ ትመጣለህ። ከመጣህ ደረትህን ትደቃለህ፤ በዚያ ብርድ ድንኳን ውስጥ ትቀመጣለህ። ከዚያ አንተንም እንቀብርሃለን። ልጆቹን ለማን ልንሰጣቸው ነው?»

«እኔን መጠየቅ አይገባችሁም ነበር?»

«ሳይነገርህ እንዴት አድርገን እንጠይቅህ?» አለኝ።

ልጆቹ ረፋድ ላይ መጡ። ትንንሾቹ ላዬ ላይ ወደቁ። የመጀመሪያዋ፣ አሥር ዓመት ገደማ የሆናት ሴት ልጄ፣ ራሷን ተላጭታ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«አባባ፣ ተሻለዎት?» አለችኝ።

«ተሽሎኛል፣ ልጄ።»

«ሐይቁ ደስ ይላል?»

ጥያቄው የልጅ ጥያቄ አልመሰለኝም። ነገሩ የገባኝ ጥቂት በጥቂት ነው። በቀብሩ ዕለት አባቴ የት አለ ብላ አላስቆም አላስቀምጥ ስትላቸው፣ ወንድሜ ዝም ለማሰኘት «ተነግሮታል፤ ሲሻለው ይመጣል» ብሏት ኖሯል። እርሷ ይህን ይዛ፣ እናቷ መሞቷን እያወቅሁ ፀሐይ እንደምሞቅ አምና ከረመች።

«አልተነገረኝም» አልኳት። «ትናንት ባቡር ላይ ሆኜ እንኳ አላወቅሁም።»

«አጎቴ ተነግሮታል አለኝ።»

«ለእኔ ብሎ ነው።»

«ታዲያ ዋሽቶኛል?»

ይህችን ልጅ ስለ ተሰበረ እንስራ ዋሽታኝ በልምጭ ገርፌያታለሁ። ውሸት ለማንም፣ በምንም ምክንያት አይነገርም ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ ቆሜ የምናገረው ሰዎች ስለዋሹልኝ ነው። ውሸት ነፍስ እንደሚያድን እኔ ምስክር ነኝ፤ ዕዳው ግን የወደቀው በእኔ ላይ አልነበረም። ለልጄ «አዎ፣ ዋሽቶሻል» አልኳት። ከዚህ በላይ የሚጨመር ትምህርት አላገኘሁም።

በፋሲካ ወንድሜ ቤታችን መጣ። ልጆቹ ተነሥተው ጉልበቱን ሳሙ። ትልቋ ልጄ ግን ከመደብ አልተነሣችም።

«ተነሺ» አልኳት። «የአጎትሽን ጉልበት ሳሚ።»

ተነሥታ ጎንበስ አለች፤ ከንፈሯ አልነካውም፤ ወደ ውጭ ወጣች። ታላቅን አለማክበር በቤቴ አይታለፍም ነበር፤ ያን ቀን ግን ተከትያት አልወጣሁም።

ወንድሜ ጉልበቱን በመዳፉ አበሰ።

«እሷስ ልጅ ናት» አለኝ። «አንተስ?»

«ቆሜ እሄዳለሁ። ስለዚህ አመሰግንሃለሁ።»

«የጠየቅኩህ እሱን አይደለም።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

ወንድሜ ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ ክረምት ከመግባቱ በፊት ሣሩ መለወጥ አለበት አለ። ቅዳሜ አብረን እንድንሠራ ተቀጣጠርን።