የእትዬ ዘሃራ ፍላሽ

ባለፈው ሳምንት የሱቄን መሳቢያ ሳጸዳ፣ ከተበጣጠሰ ሽቦና ከሞተ ሪሞት ስር አረንጓዴ ክር የታሰረባት ፍላሽ ብቅ አለች። ሳቄ መጣ። ከዚያ ሳላስበው ቁጭ አልኩ።

ያኔ ሸዋሮቢት ውስጥ ዲሽ የሚያስተካክል ከኔ በላይ የለም ብዬ የማምን ጎረምሳ ነበርኩ። እትዬ ዘሃራ ደግሞ ጀውሃ መንገድ ዳር ሽንኩርትና ፓፓያ የሚሸጡ ሴት ነበሩ። ልጃቸው ሰይድ መካ ሄዶ በትልቁ መስጊድ የጽዳት ሠራተኛ ከሆነ ስድስት ዓመቱ፤ አንዴም ብቅ አላለም። የዲሹን ሪሲቨር የላከላቸው እሱ ነው። እሳቸውም ከገበያ ሲገቡ የመካውን ቻናል ከፍተው አረንጓዴ ከለበሱት የጽዳት ሠራተኞች መሃል ልጃቸውን ይፈልጋሉ። አንድ ቀን "ያውልህ ሰይዴ" ብለው አጭር፣ ደንደን ያለ ሰውዬ አሳይተውኛል።

ታዲያ ቻናሉ ስርጭቱን ቀየረና አሮጌው ሪሲቨር አልከፍት አለ። አዲስ ይግዙ ብላቸው፣ ልጄ የላከውንማ አልጥልም አሉ። አዲሱን ሶፍትዌር ልጫንበት ብል ደግሞ የሪሲቨሩ ሆድ ጠበበ፤ አልያዘውም። መላውን የሰጠኝ ደብረ ሲና ያለው የሙያ ጓደኛዬ ተፈራ ነው፤ ሶፍትዌሩ ፍላሽ ላይ ይቀመጣል፣ ሪሲቨሩ በተከፈተ ቁጥር ከዚያ ያነባል። ሠራ። ሳምንቱን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ነው የሄድኩት። ፍላሿ ከተነቀለች ነገር እንደሚበላሽ ደጋግሜ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም ከሌላ እንዳትምታታ ክር አሰሩባት።

አረፋ ሁለት ቀን ሲቀረው ደወሉልኝ። ስደርስ ቴሌቪዥኑ ጨልሟል። ጎረቤት ሰርግ ነበረበትና መንዙማ የሚያስጭንባት ፍላሽ ሲጠይቃቸው፣ ይቺኑ ነቅለው ሰጥተውታል። ስትመለስ ውስጧ መንዙማ ብቻ ነው፤ ሶፍትዌሩ ጠፍቷል።

"እትዬ፣ አይንቀሏት አላልኩም?" አልኩ በንዴት።

"ብለሃል ልጄ። ሰው ለሰርጉ ቸግሮት ሲጠይቀኝ፣ ይቺው ተሰክታ እያያት የለኝም ልበለው?"

እውነቱን ለመናገር ቅጂ አለማስቀረቴ የኔ ጥፋት ነው፤ ያን ጊዜ ግን ይህን ማመን ሞት ነበር የሚመስለኝ። እሳቸው አልተቆጡኝም። ቴሌቪዥኑን በነጠላቸው ጫፍ እየወለወሉ "የሰው ሁሉ ልጅ ለአረፋ አገሩ ይገባል። የኔው የሚገባው በዚች ነው" አሉ። አንጀቴን በሉት።

በማግስቱ ሽንኩርት በጫነ አይሱዙ ተሳፍሬ ሽቅብ ወጣሁ። ቆላ የለመደ ሰው ምን ያውቃል፤ በስስ ሸሚዝ ደብረ ሲና ጉም ውስጥ ስወርድ ጥርሴ ተንገጫገጨ። ተፈራ በሳቅ ፈርሶ አዲስ ፍላሽ ላይ ገለበጠልኝ፤ አንድ ቅጂ ለራሴም ያዝኩ። ቆሎ እየቆረጠምኩ ወርጄ፣ ያ የለመድኩት ወበቅ ፊቴን ሲመታኝ ደስ አለኝ።

ሰካሁት፤ ተከፈተ። እትዬ ዘሃራ ስክሪኑ ስር ተቀምጠው ብዙ ፈለጉ። በመጨረሻ ጣታቸውን መጥረጊያ የሚገፋ አንድ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ላይ አሳረፉ።

"ይኸው ሰይዴ። ከሳብኝ አይደል?"

ያ የመጀመሪያው አጭር ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ዋጥኩት።

"ትንሽ ከስቷል እትዬ፤ ግን ደህና ነው።"

"አልሃምዱሊላህ" ብለው ፓፓያ ቆረጡልኝ።

ያቺን መንዙማ የተጫነባትን ፍላሽ መሳቢያዬ ውስጥ ወረወርኳት፤ ይኸው እስከ ዛሬ። እኔ ያኔ ያታለልኳቸው መስሎኝ ነበር። አሁን ግን እሳቸውም ያላወቁ አይመስለኝም።

ታናሽ እህቴ አለም ዱባይ አየር ማረፊያ በጽዳት ሥራ ከተቀጠረች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ስልክ ቶሎ አታነሳም። ትናንት ዜና ላይ ያ አየር ማረፊያ ሲታይ ብድግ ብዬ ስክሪኑ ላይ ተለጠፍኩ። ባለቤቴ ምን ጠፋብህ አለችኝ። ጀርባዋን የሰጠች አንዲት ቀጭን ልጅ አሳየኋት። ስክሪኑን አየች፣ እኔንም አየች።

"ደህና ትመስላለች" አለችኝ።