ቀይ ብረት በተሰፋ መኪና ላይ

መኪና ሠሪዎቹ ሰፈር ውስጥ «አሥራ ሰባት» ብትሉ የማያውቃት የለም። ስሙ የወጣላት ገና ተለማማጅ ሳለች ነው። አንድ ቀን የጋራዡ ባለቤት አሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ ጠፋኝ ብሎ ሰውን ሁሉ ሲያተራምስ፣ እሷ መኪና ሥር ተጋድማ «እኔ ጋ ነው፤ ሳልጨርስ አልሰጥም» አለችው። ሳቁባት፤ ስሙ ግን እንደተጣበቀ ቀረ። አሁን አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ሁለት መኪና እንደምንም የሚያስገባ ጠባብ ጋራዥ አላት፤ ሥራዋም የመኪና አካልና ሻንሲ ብቻ ነው። ሞተር አትነካም፣ ቀለም አትቀባም። የጠመመውን ታቃናለች፣ የላላውን ታጠብቃለች።

ንዴቷም የታወቀ ነው። እንደ ሌላው ሰው አትጮህም፤ ስትናደድ ድምጿ ይወርዳል። ድምጿ ወደ ሹክሹክታ የወረደ ዕለት የሚያውቋት ሁሉ ከአጠገቧ ዘወር ይላሉ።

አንድ ጠዋት የሰፈሩ ጥርስ ሐኪም መጣ። ሁለት በር ያላት፣ ዝቅ ያለች፣ ጎማዋ ሰፋፊ የሆነ ሰማያዊ የፍጥነት መኪና ይዟል። በአንድ እጁ ረጅም ካርቶን ታቅፏል።

«እትዬ፣ ይኼን እንዲያስሩልኝ ነበር» አላት። «ኩርባ ላይ ስገባ ፊቷ አንድ ነገር ይላል፣ ኋላዋ ሌላ ነገር ይላል። የሸጠልኝ ሰው ‹የዚህ ዓይነት መኪና ሁሉ እንዲህ ነው፤ ማጠንከሪያ ብረት ሲገባላት ቀጥ ትላለች› ብሎኛል።»

ካርቶኑን ከፈተችው። ኮፈኖው ሥር ከግራ ወደ ቀኝ ተጋድሞ የሁለቱን የፊት ጎማዎች አሞርዛተር ራስ የሚያገናኝ፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ቀይ ብረት ነው። አገላብጣ አየችው። ጫፉን ይዛ ወዘወዘችው፤ ተወዛወዘ።

«ዶክተር፣ ይኼ ሁለቱም ጫፉ ላይ እንደ በር ማጠፊያ ይታጠፋል። ራሱ የሚታጠፍ ነገር ሌላውን እንዴት አድርጎ ይይዛል? ደህናው ከጫፍ እስከ ጫፍ ድፍን ነው። ይኼ ኮፈኖ ከፍቶ ለጓደኛ ለማሳየት ነው የሚሆነው።»

«እሺ፣ የቱን ልግዛ?»

«ቆይ፣ መጀመሪያ የላላው የቱ እንደሆነ እንወቅ። ከላይ ነው፣ ከታች ነው፣ ከኋላ ነው? አንተ አፍ ሳታስከፍት ጥርስ ትነቅላለህ?»

ሐኪሙ ሳቀ። እሷ ክሪክ አመጣች። መኪናዋን ከኋላ በግራ በኩል አንድ ጎማ ከመሬት እስኪለቅ አነሳቻትና የሹፌሩን በር ከፈተች። ጤነኛ አካል ያላት መኪና እንዲህ አንድ እግሯን ብታነሳም በሯ እንደ ወትሮው ገጭ ብሎ ይዘጋል። ይኼኛው አልዘጋ አለ። ታችኛው ጠርዙ ደፉን እየፋቀ ቆመ።

«ትንሽ ኃይል ጨምረው ቢገፉት» አለ ሐኪሙ።

በሩን ትታ ክሪኩን አወረደች። መኪናዋን ከሥር መፈተሻ በሆነው ጉድጓድ ላይ አቁማ፣ መብራት ይዛ ከሥሯ ወረደች። ከወንበሮቹ በታች ያለው ጥቁር የዝገት መከላከያ ቅብ አዲስ ነበር። የአሥራ ሁለት ዓመት መኪና ሆና ሌላው ሆዷ ሁሉ አቧራና ዘይት ጠጥቶ ሳለ፣ እንደ መቀነት ወለሉን የሚያቋርጠው አንድ ክንድ ስፋት ያለው ቦታ ብቻ ትናንት የተቀባ ይመስላል። በካቻቢቴ ፋቅ አደረገችው። ከቅቡ ሥር ስቱኮ፣ ከስቱኮው ሥር ደግሞ ከግራ እስከ ቀኝ ወለሉን አቋርጦ የሚሄድ ብየዳ ወጣ። ከብየዳው ወዲህ የላሜራው የውስጥ ቀለም ሰማያዊ ነው፤ ከብየዳው ወዲያ ነጭ። የአንዷ መኪና ፊት ከሌላዋ መኪና ኋላ ጋር ተገጥሟል።

ጉድጓዱ ውስጥ ብዙ ቆየች። ስትወጣ ድምጿ እንደ መርፌ ቀጥኗል።

«ማን ነው የሸጠልህ?»

«አደባባዩ ጋ ጥላ ዘርግተው መኪና የሚሸጡት ሰውዬ። ግራጫ ባርኔጣ የሚያደርጉት።»

ታላቅ ወንድሟ ነው።

የሐኪሙን የመኪና ቁልፍ ኪሷ ከትታ «እስክመለስ እንዳትነካት» አለችውና በእግሯ ወጣች። መንገድ ላይ ስትሄድ ደሟን ያፈላው ውሸቱ ብቻ አልነበረም። መኪና ሻጭ ይዋሻል፤ ይኼን ታውቃለች። ወንድሟ ግን «ማጠንከሪያ ብረት ያስፈልጋታል» ብሎ ሰውየውን ልኮታል። ስለዚህ መኪናዋ እንደምትላቀቅ ያውቃል ማለት ነው። አውቆ፣ የእሷን ሙያ ለነውሩ መሸፈኛ አደረገው።

ወንድሟ ጥላው ሥር ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

«ጋሼ፣ ሰማያዊዋን መኪና የት ነው ያስበየድካት?»

ብርጭቆውን አየ። «ምን ሆነች?»

«ፊቷ የአንዷ፣ ኋላዋ የሌላዋ ነው።»

«እዚህ አታንሺው፤ ደንበኛ ይሰማል።»

«ይስማ።»

«ብየዳ ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው? አንቺስ የምትኖሪው በብየዳ አይደል?»

«እኔ የበየድኩትን ባለቤቱን ጠርቼ አሳየዋለሁ። አንተ ስቱኮ ለጥፈህ በጥቁር ቀባህበት።»

«እና ለዚህ አይደል ብረት ግዛ ያልኩት? ሁለት ሦስት ብረት ጣል አድርጊባት። እሷም ትጠነክራለች፣ ሰውየውም ደስ ይለዋል፣ አንቺም ሥራ ታገኛለሽ። ሆዷ ሥር ገብቶ ማን ያያል?»

«እኔ አየሁ።»

ወንድሟ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «አባታችን ሴት ልጅ ጋራዥ አትገባም ብሎ ሲምል የተከራከረልሽ ማን ነበር? ዛሬ ወንድምሽን ለባዳ አሳልፈሽ ልትሰጪ ነው?»

ይኼ ወጋት። እውነት ነበረና።

«የተከራከርክልኝ ሥራ እንድማር ነው» አለችው። «ተምሬልሃለሁ።»

ተመልሳ ሐኪሙን ጉድጓድ ውስጥ አወረደችውና መብራቱን አስያዘችው። ብየዳውን በጣቷ እየተከተለች፣ አንድም ነገር ሳትደብቅ ነገረችው፤ ሻጩ ወንድሟ መሆኑንም ጭምር። ሐኪሙ ፊቱ አመድ መሰለ። «ጠዋት ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት የማደርሰው በዚች ነው» አለ።

ሐኪሙ ገንዘቡን ቢጠይቅም ወንድሟ መኪናዋን መልሼ አልወስድም አለ። አይቶ፣ ነድቶ፣ ወዶ ነው የገዛው አለ። አልፎ ተርፎም ለዘመድ ሁሉ እየደወለ እህቱ እንዳዋረደችው ተናገረ። በሦስተኛው ቀን አክስታቸው ከዘራዋን ይዛ ጋራዡ ድረስ መጣች። አርባ ዓመት ልብስ የሰፋች፣ ሁለቱንም ያሳደገች ሴት ናት። ወንድሟ እጁን አጣምሮ ከኋላዋ ቆሟል።

«ታላቅሽ ነው» አለች አክስትየው ገና ሳትቀመጥ። «የቤት ገመና ለውጭ ሰው አይገለጥም። ይቅርታ በይውና ይብቃ።»

«እሺ አክስቴ። ግን ከመፍረድዎ በፊት አንድ ነገር ይዩልኝ።»

እጇን ይዛ የጉድጓዱን ደረጃ አንድ በአንድ አወረደቻት። አክስትየው መነጽሯን አደረገች። ጣቷን ብየዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር አስኬደች፤ መሃል ላይ ቆመች፣ ተመልሳ ዳሰሰች።

«ይኼ ስፌት ነው።»

«አዎ።»

«ጠርዙን እንኳ አላደራረበውም። ጠርዝ ለጠርዝ ገጥሞ ነው የሰፋው። እንዲህ የተሰፋ ሱሪ መጀመሪያ ጎንበስ ያሉበት ዕለት ይተረተራል።» መነጽሯን አወለቀች። «እና ሰውየው ልጁን የሚያሳፍረው በዚህ ላይ ነው?»

«በዚህ ላይ ነው።»

አክስትየው ወደ ላይ ቀና ብላ ወንድምየውን አየችው። «እኔ ያንተን የትምህርት ቤት ሱሪ እንኳ ደርቤ ነበር የምሰፋው» አለችው።

«አክስቴ፣ ማጠንከሪያ ብረት ሲገባላት እኮ…»

«ዝም በል። የተቀደደ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ቢደረድሩበት ይጠገናል?»

ይቅርታው ቀረ። በዚያው ሳምንት ወንድምየው መኪናዋን መልሶ ወሰደ፤ ሐኪሙም የከፈለውን አገኘ። አክስትየው ግን በዚህ አልረካችም፤ «ነገ ለሌላ ትሸጣታለህ፣ ትቆረጥ» ብላ ድርቅ አለች። የቆረጠቻት አሥራ ሰባት ራሷ ናት፤ እዚያው አደባባዩ ጋ፣ ወንድሟ እያየ። የብረት መቁረጫ ዲስክ ይዛ ጀመረች እንጂ እስከ መጨረሻው አላስፈለጋትም። ቀኝ በኩል ያለው ብየዳ በብረት ዘንግ ፈልቀቅ ስታደርገው ብቻውን ተከፈተ። ያን ጊዜ የተሰማትን ንዴት ከዚያ በፊት አታውቀውም። ዘንጉን መሬት አስቀምጣ ቁጭ አለች።

ከሁለት ወር በኋላ ሐኪሙ ሌላ ተመሳሳይ መኪና አገኘና ከመግዛቱ በፊት ይዞላት መጣ። ይችኛዋ አንድ አካል ናት። ሐኪሙም ገዛት። ቢሆንም ፊቷ ከላይም ከታችም ትንሽ ትለመጥ ነበር፤ ብዙ ኩርባ የበላች መኪና ናት። አሥራ ሰባት ለላይኛው በኩል፣ ጫፎቹ የተበየዱ፣ ድፍን፣ ጥቁር ብረት አስመረጠችው። ለታችኛው ሞተሩን ከሚሸከመው ብረት ሥር ገብቶ አራት ቦታ የሚያዘው ተመረጠ። ሐኪሙ ለኋላም ልግዛ ሲል ከለከለችው። «ኋላዋንም ካደረቅናት ዝናብ የጣለ ቀን ኩርባ ላይ ታመልጥሃለች። መጀመሪያ በዚህ ንዳት።»

ብረቶቹን የገጠመችው መኪናዋ በአራት ጎማዋ ቆማ፣ ክብደቷን ተሸክማ ሳለች ነው። ተንጠልጥላ ሳለች ያሰሯት እንደሆን ጠማማነቷን ይዛ ትቀራለች። ብሎኖቹን ሁሉ በእጇ አስገባች፣ ከዚያ አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ እያለች፣ ጥብቀት በሚለካው ረጅም ቁልፍ ጨረሰቻቸው። አንዱ ቀዳዳ ለፀጉር ያህል አልገጥም ቢል ሐኪሙ መዶሻ አቀበላት፤ እሷ ግን ሁሉንም ፈትታ እንደገና ጀመረች። «ከሳምንት በኋላ አምጣት፣ ብሎኖቹን ደግሜ አያቸዋለሁ» አለችው። ሲመለስ «አሁን ፊቷና ኋላዋ ተስማምተዋል» አላት።

ወንድምና እህት ግን አልተስማሙም። አክስታቸው ቤት ሲገናኙ አንዱ በዚህ ጥግ፣ አንዷ በዚያ ጥግ ይቀመጣሉ። እሱ እህቴ ለባዳ ብላ ገበያዬን ዘጋችው እያለ እስከ ዛሬ ያወራል። እሷም ይኼ በጆሮዋ በደረሰ ቁጥር ያ «ብረት ጣል አድርጊባት» የሚለው ቃል ይመጣባትና ምሳዋን ትታ ትነሳለች።

ባለፈው ወር አንድ ጡረተኛ መምህር ሽሮ መልክ መኪና ይዘው መጡ። «አደባባዩ ጋ ያሉት ሰውዬ ‹ሊገዙ ከሆነ መጀመሪያ እህቴ ትያት› ብለውኝ ነው» አሏት። አሥራ ሰባት መብራቷን ይዛ ወረደች። ከዳር እስከ ዳር ፈተሸቻት፤ ወጣችና ደግማ ወርዳ ፈተሸቻት። ንጹሕ ናት። ያየችውን ወረቀት ላይ ጽፋ፣ ፈርማ ለመምህሩ ሰጠቻቸው።

«ሰላም ይበሉልኝ ብለውኛል» አሉ መምህሩ ወረቀቱን እያጠፉ።

«መኪናዋ ደህና ናት ይበሉልኝ» አለች አሥራ ሰባት፣ ወደ ሌላው ሥራዋም ተመለሰች።