ለሙሽራ የተሰጠው መኪናችን

ነቀምቴ ታሞ የተኛውን አጎቴን ለማየት የተከራየሁት መኪና ዛሬ ጠዋት አምቦ ላይ በአበባ አጊጦ፣ ጥሩምባውን እየነፋ በፊታችን አለፈ። እናቴ ስንቋን ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር።

አበባው አምሮበታል፤ ይህን አልክድም።

ከሦስት ቀን በፊት ቃል ለሰጠኝ ባለመኪና ደወልኩ። «ጋሼ፣ ሙሽራ አይጠብቅም። በሽተኛው ነገም አሉ» አለኝ። ቃል በቃል ነው የጻፍኩት።

እናቴ ስልኩን ተቀበለችኝ። «ልጄ፣ ሰርጉን ይባርክላቸው። ወንድሜ ነገ እንደሚኖር ግን ማን ነገረህ?»

ስልኩን ዘጋው።

አሁን መነኸሪያ ተቀምጠን ሚኒባሱ እስኪሞላ እየጠበቅን ነው። እናቴ በየአምስት ደቂቃው «እስቲ ነቀምቴ ደውልላቸው» ትለኛለች።

የተከራያችሁትን መኪና ለሰርግ አጀብ የተነጠቃችሁ ወዳጆች፣ በምን እንደሄዳችሁ ጻፉልኝ። በጊዜ ደርሳችሁ እንደሆነም ጻፉልኝ።