ብቻዎን ነዎት?

የልጄን መርዶ የሰማሁት ጎህ ሲቀድ ነው። ጎረቤቶቼ ተሰብስበው ወደ ግቢዬ ሲገቡ፣ የውጭ አገሩ ሐኪም ልጅ ከማዶ በራቸው ላይ ቆማ ታይ ነበር።

አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ጉለሌ ከመጡ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ አማርኛ የለመደችው ከሰፈሩ ልጆች ነው። አባቷ ቁስለኛ ሊያክም ሰሜን ጦር ግንባር ከሄደ ወዲህ የእሱን ሹራብ፣ እጅጌውን ደጋግማ አጥፋ፣ ትለብሳለች። መርዶ ነጋሪ ብቻውን እንደማይመጣ ከእኔ ቤት ተምራለች። በራቸው ሲንኳኳ ሳትከፍት፣ «ብቻዎን ነዎት?» ትላለች።

ባለፈው ሳምንት እናቷ ወለደች። የሰፈሩ ሴቶች ገንፎ ይዘው ሊጠይቋት ሄዱ።

«ስንት ናችሁ?» አለች ልጅቷ ከውስጥ።

«አምስት ነን፣ የኔ ልጅ። ገንፎው ሳይቀዘቅዝ ክፈቺልን እንጂ» አሏት እትዬ ሾዴ።

«አባዬ ደህና ነው። በቃ፣ ሂዱ።»

የመቀርቀሪያው ድምፅ እኔ ቤት ድረስ ተሰማ።

በማግስቱ ብቻዬን ልሄድ ተነሥቼ ነበር። በሬ ላይ ስደርስ ጥቁር ልብሴን አየሁና ተመለስኩ። እናቲቱን እስካሁን እንኳን ማርያም ማረችሽ ያላት ሰው የለም።