ገዳዩ የሌለበት መጽሐፌ

አስቀድሞ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የወንጀል ልብወለድ የሚነበበው ገዳዩን ለማወቅ ነው። ገዳዩን ሳያውቅ መጽሐፉን የከደነ ሰው... ወይ መጽሐፉ ጎድሎበታል፣ ወይ አላነበበውም።

ባለፈው ማክሰኞ ከምሳ በኋላ አንዲት የማላውቃት ልጅ ደወለችልኝ።

«ጋሼ መኮንን ነዎት? ሰብለ እባላለሁ። ኖርዝላንድ ካለው የሐበሻ ሱቅ መጽሐፍዎን ገዝቼ ነበር።»

«እሺ የኔ ልጅ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና... ሰውዬውን ማን ገደለው?»

ሳቅሁ። «እሱን እኔ ከነገርኩሽ ማንበቡ ምን ይረባሻል?»

«አንብቤ ጨረስኩት እኮ! ካናል ዊንቸስተር ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ነው የምሠራው፤ ለዕረፍት በወጣሁ ቁጥር፣ በየብሬኬ ነው ያነበብኩት። መርማሪው በሩን ሊከፍት እጁን ይዘረጋል... ገጹን ስገልጥ ሰዉ ሁሉ መቃብር ቦታ ቆሟል። ማን እንደታሰረ የሚናገር የለም።»

ከካርቶኑ አንድ ቅጂ አወጣሁ። ገጽ 96... ቀጥሎ 113። ሌላ አወጣሁ። ያው ነው። ሦስተኛም ያው። ገዳዩ የሚያዝበት ምዕራፍ፣ አሥራ ስድስት ገጽ፣ ከነጭራሹ የለም።

መጽሐፉን ያሳተምኩት በራሴ ነው። አዲስ አበባ ታትሞ በመንገደኛ ሻንጣ እኔ ወደምኖርበት ኮሎምበስ መጣ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ደብተር ሳርም የኖርኩ መምህር ነኝ፤ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ጽሑፍ ሰባት ጊዜ አርሜዋለሁ። የታተመው ሲደርሰኝ ግን ሽፋኑን አየሁት፣ ወረቀቱን አሸተትኩት... በቃ።

ያስደነገጠኝ ግን የማተሚያ ቤቱ ስህተት አይደለም። መጽሐፉ ከወጣ አራት ወር ሆኖታል። በኮሮናው ምክንያት ምረቃ ስላልነበረው ኮሎምበስን እየዞርኩ በየደጁ ያደረስኩት እኔው ነኝ። የኖርዝላንዱ ባለሱቅ «ቲቸር፣ መጨረሻውማ አስለቀሰኝ!» ብሎኛል። ሂሊያርድ የሚኖር ወዳጄ ደግሞ «ገዳዩ እሱ ይሆናል ብዬ በፍጹም አልጠረጠርኩም» አለኝ።

የትኛው እሱ?

ይህን ሁሉ ምስጋና አምኜ ሁለተኛውን መጽሐፍ ጽፌ ጨርሻለሁ። ሊታተም አንድ ሳምንት ቀርቶታል። ለማን ነው የሚታተመው?

ተናድጄ ለወዳጄ ልደውል ስል ዓይኔ መደርደሪያው ላይ ካለ የግጥም መጽሐፍ ላይ አረፈ። የድሮ ባልደረባዬ ነው የጻፈው። «ግሩም ሥራ ነው» ብዬዋለሁ። ገለጥኩት። ዕልባቱ ገጽ 14 ላይ ነው... ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩ።

ሐሙስ ዕለት የጎደለውን ምዕራፍ አትሜ ካናል ዊንቸስተር ሄድኩ። ሰብለ ብሬክ ስትወጣ መኪናዬ ውስጥ ገብታ ከኋላ ተቀመጠች። የሥራ ጓንቷን አውልቃ ማንበብ ጀመረች። ሰው የጻፍኩትን ሲያነብ በዓይኔ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ተማሪ በመስተዋቱ ሰርቄ አያታለሁ።

«ውይ! እኔ ዘበኛውን ነበር የጠረጠርኩት!» አለች።

ደስ አለኝ። ወዲያው ግን ግንባሯን ቋጠረች።

«ጋሼ... ይሄ ሰውዬ ገጽ 40 ላይ ክንዱ ተሰብሮ በጄሶ ታስሮ አልነበር እንዴ? በማግስቱ በሁለት እጁ ሰው አነቀ ማለት ነው?»

ሰባት ጊዜ አርሜዋለሁ ብያችኋለሁ።

«በሞቴ አይቀየሙኝ፣ ላሳፍርዎት ብዬ አይደለም።»

«የለም፣ የለም። ሌላስ አለ?»

«አለ እንጂ! ግን ብሬኬ አለቀ።»

ሁለተኛውን ረቂቅ ይዤው ነበር የሄድኩት፤ ከመውረዷ በፊት ሰጠኋት። እሷ አንብባ ሳትጨርስ ማተሚያ ቤት አይገባም።

እናንተም መጽሐፌ እጃችሁ ያለ ሁሉ፣ እባካችሁ ገጽ 96ን ግለጡና ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ስንት እንደሆነ እስከ እሁድ ጻፉልኝ። የጎደለውን ቤታችሁ ድረስ አመጣለሁ። «ገና አላነበብኩትም» ማለትም ይቻላል፤ እኔም የባልደረባዬን ግጥም ገና ገጽ 31 ላይ ነኝ።

«ግሩም ነው» የሚል መልስ ግን አልቀበልም።