ጉማሬው ያሸነፈበት ቀን

በምነግርሽ ታሪክ ውስጥ የነበርነው አራት ነን፤ እኔ፣ ጓደኛዬ፣ የጓደኛዬ አባትና የሳይንስ መምህራችን። አራታችንንም ትናንት ከሰዓት በኋላ የጣለው ዝናብ በሐሳቤ መልሶ ሰበሰበን። ዝናቡ እንዳባራ ከቤታችን ጀርባ ባለው ቦይ እንቁራሪቶች መንጫጫት ጀመሩ፤ የእርጥብ አፈር ሽታ ቤቱን ሞላው። አንቺም ከደብተርሽ ቀና ብለሽ ‹‹አባዬ፣ አምፊቢያን የሚባሉት እነዚህ ናቸው አይደል?›› አልሽኝ። ተነሥቼ መስኮቱን ዘጋሁት። አሁን ልመልስልሽ።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ከአዳማ ትንሽ ወጣ ሲሉ የሽንኩርት ማሳ ነበር። የጓደኛዬ አባት ከአዋሽ በተጠለፈ ውሃ ሽንኩርት ያለሙ ነበር። ጓደኛዬ ቤቱ ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ ያወራል፤ በሁለቱም ይቀልዳል። እኔ ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት በቃሌ የማነበንብ ልጅ ነበርኩ። አንድ ቀን ‹‹አምፊቢያን፦ በውሃም በየብስም የሚኖር እንስሳ›› ስለው ሳቀብኝ።

‹‹ኮቱ! ና ላሳይህ፤ አንተማ የምታምነው ወረቀት ብቻ ነው።››

ቦዩ ዳር ተንበርክኮ በቲማቲም ጣሳ ውሃ ቀዳ። ጭራ ያላቸው ጥቁር ትንንሽ ነገሮች ይርመሰመሱበታል። ‹‹የራቻ ልጆች ናቸው፣›› አለ እንቁራሪትን በቤቱ ቋንቋ ጠርቶ። ‹‹አሁን እንደ ዓሣ ውሃ ውስጥ ይተነፍሳሉ። ኋላ እግር ያወጣሉ፣ ጭራቸው ይጠፋል፣ አየር መሳብ ይጀምራሉ። አምፊቢያን ማለት ይሄ ነው። ሁለት ቦታ መዋል ብቻ ቢሆንማ ዳክዬም አምፊቢያን ነበረች!››

ለሳምንታት በየቀኑ እየሄድን አየን። ሁሉም እንዳለው ሆነ። የመጨረሻዋ ከጣሳው ዘላ ስትወጣ እጄ ላይ አረፈች። ቅዝቃዜዋ ዛሬም ይሰማኛል።

የወላጆች በዓል ደረሰ። በጥያቄና መልስ ውድድሩ መጨረሻ ላይ እኔና እሱ እኩል ነጥብ ይዘን ቀረን። አባቱ ባሕር ዛፉ ሥር ቆመዋል። ከቀናት በፊት በእኔ ፊት ‹‹አንደኛ ከወጣ ይማራል፤ ካልወጣ አርሲ ነገሌ አጎቱ ጋ ሄዶ እህል ይነግዳል›› ብለውት ነበር። ይህን እያወቅኩ ነው የቆምኩት።

መምህሩ የመጨረሻውን ጥያቄ አነበቡ። ‹‹ጉማሬ አምፊቢያን ነው ወይስ አይደለም?››

‹‹አይደለም፣›› አለ ጓደኛዬ። ‹‹ጉማሬ ወልዶ ያጠባል።››

ትክክል እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እሱ ያለውን ብደግም አላሸንፍም። ‹‹ነው፤ በውሃም በየብስም ይኖራል፣›› አልኩ።

መምህሩ ወረቀታቸውን አዩ። የተጻፈው እኔ ያልኩት ነበር። ተጨበጨበ። ከኋላ አንዱ ‹‹ጉማሬ! ጉማሬ!›› ብሎ ሲጮህልኝ ሰው ሁሉ ሳቀ።

‹‹ቲቸር፣ እሱን ይጠይቁት፤ የእንቁራሪቶቹን አስተዳደግ አብረን ነው ያየነው፣›› አለ ጓደኛዬ።

መምህሩ ጠየቁኝ። ‹‹እኔ ምንም አላየሁም፣›› አልኩ።

በአጠገቤ ሲያልፍ አልሰደበኝም። ‹‹እጅህ ላይ እኮ ነው ያረፈችው፣›› አለኝ ብቻ። በሳምንቱ አርሲ ነገሌ ሄደ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ሻሸመኔ ስጓዝ አውቶቡሱ እዚያ ቆመ። እህል ገበያው ውስጥ ጆንያ ሚዛን ላይ ሲያወጣ አየሁት፤ ትከሻው ዱቄት ለብሷል። ልወርድ ተነሣሁ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ልጄ፣ ባለማወቅ የተሳሳተ ሰው ይታረማል። መምህሩ ባለማወቅ ተሳሳቱ፤ እኔ እያወቅኩ ዋሸሁ።

ያ መልስ ያስከፈለንን ልደምርልሽ። መምህሩ ዓይኑን ገልጦ የሚያይ አንድ ተማሪ ነበራቸው፤ እሱን አጡ። አባቱ ማሳቸውን ብቻቸውን ሲያጠጡ አረጁ። ጓደኛዬ ትምህርቱን አጣ። እኔ የተሸለምኩትን ደርዘን ደብተር ጽፌ ጨረስኩት፤ ትምህርት ቤት ግን ብዙም አልቆየሁም፤ የማውቀውን ያወቅኩት ብቻዬን አንብቤ ነው። በበዓል ቀን እናትሽ ‹‹አንተ የምትጠራው ጓደኛ የለም?›› ስትለኝ ወሬ የምለውጠውም ለዚህ ነው።